ለአንድ ዓሣ መጽሐፍ ስንፈልግ

ባለፈው ወር ከፔዳ ኮሌጅ ወረድ ብሎ፣ ድሮ ብስክሌት ይጠገንበት የነበረ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ የዓሣ ሱቅ ከፍታ አየሁ። ለመብል የሚሆን ዓሣ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚታይ ነው። ፀሐዩ በርትቶብኝ ስለ ነበር ለጥላው ስል ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በየብልቃጡ አንዳንድ ዓሣ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ አንዱ ነጭ። በብልቃጥና በብልቃጥ መካከል ካርቶን ቆሟል። ካርቶኑ ለምን እንደ ቆመ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ ወንዶቹ ከተያዩ ክንፋቸውን ነፍተው ለጠብ ሲጋበዙ ይውላሉ። መቀመጫ ለመንሁ። ልጅቱ ቤዛ ትባላለች፤ ውኃ አምጥታልኝ ከጎኔ ቆመች። ዕድሜዬን በሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ሠራሁ ስነግራት ፊቷ በራ። «እንግዲያው እማማ እርስዎ ያውቃሉ» አለችኝ። «ስለ እነዚህ፣ ስለ ቤታ ዓሦች፣ ጥሩ መጽሐፍ የት ይገኛል? ስልክ ላይ ያለው አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል። አንዱ ውኃውን በየቀኑ ቀይሪ ይላል፣ አንዱ ከቀየርሽ ይሞታል ይላል። የትኛውን ልመን?» ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ እንዳለ፣ ሄዳ እንድትጠይቅ ነገርኋትና ተነሥቼ ወጣሁ። ሌላ ነገር ልነግራት አልቻልሁም። ይህንኑ ጥያቄ ከእሷ በፊት የጠየቀኝ ሰው ነበር። ልሳኑ ይባላል።

ልሳኑ ሲጠይቀኝ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደልበት፣ እሑድ ስብሰባ የማይቀርበት፣ ሰው ሁሉ «ጓድ» የሆነበት ዘመን ነበር ቢባል ይበቃል። ከተማዋ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ታምር ነበረች። ዘንባባው ገና ወጣት ነው። ብስክሌት በሰዓት ስሙኒ እንከራያለን። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቅ ከወዲያ እስከ ወዲህ መንገዱ በብስክሌት ደወል ይሞላል፤ ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ያዘ፣ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይበራሉ። ሐይቁ ዳር፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡት የደንገል ታንኳዎች ከሚራገፉበት አጠገብ፣ ዋርካ ሥር አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ከነዳቦው በብር ከስሙኒ። ባለቤቷ ራድዮኑን መስኮት ላይ ታደርገዋለች። መዝሙሩ ሲዘፈን ሁሉም ያወራል፤ ከዜናው በኋላ አንድ የክራር ዘፈን ከመጣ ግን ሰው ሁሉ ሹካውን ያስቀምጥና ወደ ውኃው ዞር ይላል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ቆሟል፤ ዋርካውን ቆርጠው የመኪና ማቆሚያ አድርገውታል። አንዲት የወይን ጠጅ ቀለም ያላት የተርጋል ጨርቅ ጉርድ ቀሚስ ነበረችኝ፤ የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀብዬ ያሰፋኋት ናት። በስብሰባ ላይ «የቡርዧ ልብስ» ከተባለችብኝ በኋላ አጥፌ ሣጥን ውስጥ አኖርኋትና ካኪ ለበስሁ። ግን ከልሳኑ ጋር ሻይ ልጠጣ በምወጣበት ቀን አውጥቼ እለብሳታለሁ።

እሱ የዘጌ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ እሱም ፊደሉንና ዜማውን ከአባቱ ተምሮ፣ ቅኔ ቤት ከገባ በኋላ ነው ወደ አስኳላ የመጣ። እኔ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በምሠራበት ኮሌጅ፣ በባዮሎጂ ላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። አንድ ካኪ ጃኬትና አንድ ኮንጎ ጫማ ነበረው፤ ያንኑ ጃኬት በየሳምንቱ አጥቦ ስለሚለብሰው ክርኑ ላይ ነጥቶ ነበር። ብቻውን ሆኖ ዕቃ ሲያጥብ የማኅሌት ዜማ ያንጎራጉራል፤ ሰው ሲገባ ያቆማል። ለውጭ ትምህርት ከታጩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ነበረበት፤ ስለ ዓሣ ሊማር፣ ተመልሶም ጣና ላይ ሊሠራ። ይህን ሲያወራ ብቻ ነው ፍጥነት የሚገባበት።

ዓሦቹን የሰጡት አንድ የምሥራቅ ጀርመን መምህር ናቸው። ከአገራቸው ሲመጡ በእጅ ሻንጣቸው ይዘዋቸው የመጡ ሁለት የቤታ ዓሦች፣ ወንድና ሴት ነበሩ። ውላቸው አብቅቶ ሲሄዱ ብልቃጦቹን ልሳኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ከነሱ ጋርም አንድ በጀርመንኛ የተጻፈ መጽሐፍ ትተውለት ሄዱ። ሴቷ ግራጫና ትንሽ ናት። ወንዱ ግን ሰማያዊ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ቀይ፣ ጅራቱና ክንፉ ከሰውነቱ የሚበልጥ፣ ሲዞር ሁሉ ነገሩ ከኋላው ተከትሎት የሚዞር ነው። ልሳኑ «ካባው» አለው። «ለጥምቀት የለበሰ ካህን አይመስልም?» አለኝ መጀመሪያ ባሳየኝ ቀን። እኔ ዓሣ ከድስት ውጪ አይቼ አላውቅም ነበር። ተቀምጬ ስመለከተው ምሳ ሰዓቱ አለፈ።

«ትርንጎ» አለኝ፣ «አንቺ መጽሐፍ ቤት ነሽ። እነዚህን እንዴት እንደማኖራቸው የሚነግረኝ ጥሩ መጽሐፍ ፈልጊልኝ።»

ፈለግሁ። ካርዱን በሙሉ አገላበጥሁ። የሚበላ ዓሣ በኩሬ ስለ ማርባት አለ፤ ዓሣ አድርቆ ስለ ማቆየት አለ፤ ስለ ቤታ ግን በአንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ አራት መስመር ብቻ አገኘሁ። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመጣ፣ በሩዝ እርሻ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ከውኃው በላይ ብቅ እያለ አየር የሚስብ፣ ጠበኛ ዓሣ ነው ይላል፤ በቃ። የጀርመንኛውን መጽሐፍ ደግሞ ከሁለታችንም የሚያነበው የለም። ለሥልጠና ጀርመን ቆይቶ የተመለሰ አንድ የፋብሪካ ሰው ለመንሁና ሻይ ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ ተረጎመልን። መጽሐፉ ስለ ዓሣ ሁሉ የሚያወራ ነው፤ ስለ ቤታ ያለው ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ሰውዬው ሲያነብ ላቡ ይወርድ ነበር። እሱ የተማረው የክር መኪና ነው እንጂ የዓሣ ነገር አይደለም። «ውኃው በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር» ይላል አለን። ልሳኑ ቀየረ። ታኅሣሥ ነበር፤ የቧንቧው ውኃ ጠዋት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። በአምስተኛው ቀን ሴቷ ሞተች። ያ ቃል «አይቀየር» የሚል እንደ ነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ከዚያ በኋላ ልሳኑ የማንንም ቃል ሳላይ አላምንም አለ። ካባውን ከመብራት አምፖል አጠገብ አስቀመጠው፤ ውኃውን ከቀዳ በኋላ አሳድሮ፣ ከሩብ በታች እያደረገ መቀየር ጀመረ። ዓሣው የሞተ ነገር አይበላም ነበርና፣ ከግቢው ጀርባ ካለው ረግረግ የወባ ትንኝ እጭ በሻይ ማጥለያ እየጠለለ ያመጣለታል። አንድ ቀን የወባ መከላከያ ሰዎች መድኃኒት ሊረጩ መጥተው እጅ ከፍንጅ ያዙት። «ጓድ፣ ወባውን ምን ልታደርገው ነው?» ሲሉት «ለአንድ እንግዳ ምሳ ነው» አላቸው። ሻይ ቤት ውስጥ ይህን ሲነግረኝ የሳቅነው ሳቅ ዛሬም ይታወሰኛል። ያየውን ሁሉ በአንድ ደብተር ይጽፋል፤ በዚያ ባማረ የቁም ጽሕፈቱ። ካባው ከውኃው በላይ አረፋ እየተፋ እንደ ጎጆ ያለ ነገር ሲሠራ አይቶ ግን ግራ ገባው። ታሟል ወይስ ደኅና ነው? አረፋውን ልጥረገው ወይስ ልተወው? የሚነግረው ሰው አልነበረም። «ጥሩ መጽሐፍ ቢገኝ እኮ አንድ ገጽ ይበቃናል» ይላል።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ማንም ይስማልኝ። መጋዘን ውስጥ ከሚጣሉ አሮጌ መጽሔቶች በአንዱ ጀርባ ላይ፣ እንግሊዝ አገር የሚገኝ የእነዚህ ዓሦች አርቢዎች ማኅበር አድራሻ አገኘሁ። እንጻፍላቸው፣ መጽሐፍ በስጦታ ይልኩልናል አልሁት። ልሳኑ አመነታ። ያኔ ወደ ምዕራብ አገር ደብዳቤ መጻፍ እንደ ዛሬ አይደለም። «ትምህርቴ ደርሶ የለም እንዴ፣ እዚያ ስሄድ አነባለሁ» አለኝ። «እስከዚያ ካባው ቢሞትስ?» አልሁት። ደብዳቤውን እኔው በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የታይፕ መኪና መታሁት። ቤተ መጻሕፍቱን እንዳያስጠይቅ ብዬ ደብዳቤው በልሳኑ ስም ይሁን አልሁ፤ እሱ ፈረመበት። ይህንም ያልሁት እኔ ነኝ።

ወራት አለፉ። ክረምት ወጣ፣ ሐይቁ ሞልቶ ዋርካው ሥር ደረሰ፣ እንደገና ጎደለ። እኛ መልስ አይመጣም ብለን ተስፋ በቆረጥንበት ሰሞን አንድ ሰኞ ጠዋት ልሳኑን ከላቦራቶሪው ወሰዱት። ከእንግሊዝ የተላከው ጥቅል ደርሶ ኖሯል። በመንገድ ላይ ማን እንደ ከፈተው እስከ ዛሬ አላውቅም። መጽሐፉ ሽፋን ላይ «ተዋጊ ዓሣ» የሚል ነበረበት፤ ያ ዓሣ በእንግሊዝኛ የሚጠራው እንደዚያ ነው። ከመጽሐፉ ጋር ደግሞ የማኅበሩ ሰዎች ከልባቸው ደስ ብሏቸው የጻፉት ደብዳቤ ነበር። «ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው አባላችን ሆነዋልና እንኳን ደስ አለዎት፤ በአካባቢዎ ሌሎች ወዳጆችም ካሉ ስማቸውን ይላኩልን» ይላል። ተዋጊ፣ ማኅበር፣ አባል፣ የሌሎችም ስም። ዛሬ ሲሰማ ያስቃል። ያኔ ግን ከዚያ ባነሰ ነገር ሰው ጠፍቷል።

ረቡዕ እኔ ተጠራሁ። ከቀትር በፊት ነው፤ መስኮቱ ክፍት ሆኖ የጃካራንዳ አበባ ሲረግፍ ይታያል። የጠራኝ ካድሬ አብሮኝ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ነው፤ በጣም ጨዋ ነበር። አልጮኸብኝም፣ አልመታኝም። ሻይ አስመጣልኝ።

«ጓድ ትርንጎ፣ ይህን ታውቂዋለሽ?» ብሎ ከላቦራቶሪው የተገኘውን የደብዳቤያችንን የካርቦን ግልባጭ አስቀመጠልኝ።

«አላውቀውም» አልሁ።

«የተመታው በእናንተ መኪና ነው። አንዷ ፊደል ሆዷ በቀለም ተደፍኖ የለም?» ሌላ ወረቀት አወጣ። የየመሥሪያ ቤቱ የታይፕ መኪና ናሙና ተመትቶ እነሱ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረገልኝ። እውነትም ፊደሏ ሁለቱም ላይ ሆዷ ጠቁሯል።

«ልሳኑ የመታሁት እኔ ነኝ ብሏል» አለኝ። «ብቻዬን ነኝ፣ ማንም አያውቅም ብሏል። የክፍሉ ቁልፍ ግን ያለው አንቺ ጋ ነው። እንዴት ገባ?»

ልሳኑ የታይፕ መኪና ነክቶ አያውቅም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ካድሬውም ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። እናቴን አሰብሁ። ሐሙሲት ላይ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ዳር ሻይ እያፈላች ሁለት እኅቶቼን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ከደመወዜ እኩሌታው የሚሄደው ለነሱ ነው። ይህን የምናገረው ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም፤ ያሰብሁት እሱን ስለ ሆነ ነው። ከዚያ አንድ ሌላ ነገርም አሰብሁ፤ እሱን ለመናገር ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ያሰብሁት፣ ልሳኑ ራሱን አስቀድሞ ስላስያዘ እኔ ብናገርም ባልናገርም እሱ አይድንም የሚል ነበር። እንደዚያ ማሰብ ቀላል ሆነልኝ።

«ምሳ ስንወጣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ» አልሁ። «ሳላውቅ ገብቶ ይሆናል።»

ካድሬው ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። «ይሆናል ወይስ ገብቷል?»

«ገብቷል» አልሁ።

ጻፈው። ፈረምሁ። ሻዩን ጠጥቼ ጨረስሁ፤ መተዉ ያስጠረጥራል ብዬ።

ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄድሁ። በሩ ሊታሸግ ነበር፤ ዘበኛውን ለምኜ ካባውን ከነብልቃጡ አወጣሁት። ደብተሩን ወስደውታል። ዓሣውን ሻሽ አልብሼ በዘንቢል ይዤ፣ ውኃው እንዳይናወጥ ቀስ እያልሁ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ልሳኑ እንደሚያደርገው ለማድረግ ሞከርሁ። ረግረጉ ተረጭቶ እጭ ጠፋ። አምፖል አበራሁለት፤ መብራቱ በዚያ ሳምንት እየመጣ ይሄድ ነበር። ክንፉ ተጣበቀ፣ ቀለሙ አመድ መሰለ፣ ከታች ተኝቶ አልፎ አልፎ ብቻ ለአየር ይነሣል። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አልተነሣም። ከሻይ ቤቷ አለፍ ብዬ ሐይቁ ውስጥ ጣልሁት። አንድ ነጭ ወፍ ወርዶ ወሰደው።

በወሩ ገደማ ድፍረት መጣልኝና ስንቅ ይዤ እስር ቤቱ በር ሄድሁ። ሰዉ በአጥሩ ጥግ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ጥምጥማቸው በመንገድ አቧራ ቀልቷል፣ በእጃቸው አንድ ትንሽ አገልግል ይዘዋል። ዘበኛው የእስረኛውን ስም ሲጠይቅ ልሳኑ አሉ። አባቱ መሪጌታው ነበሩ። እኔም ከኋላቸው ሆኜ ያንኑ ስም ስጠራ ዞር አሉና አዩኝ።

«የልሳኑ ወዳጅ ነሽ?» አሉኝ።

«አብረን ነው የምንሠራ አባቴ።»

«ስምሽ ማነው?»

ነገርኋቸው። መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን ነኩኝ። «እኔ ከዘጌ በየሳምንቱ እመጣለሁ። ከሥራ ባልደረቦቹ እዚህ በር ላይ ያየሁት አንቺን ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። ያንቺን ዓይነት ሰው አያሳጣው።» ስንቁን ለሳቸው ሰጠኋቸውና «እባክዎ አብረው ያስገቡልኝ» ብዬ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ያንን በር አልረገጥሁም። በዚያ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ራሱ ትቼ፣ ገበያ ስሄድ እንኳ ዙሪያውን እዞር ነበር።

ሕይወት ቀጠለች፤ ለእኔ ቀጠለች ማለቴ ነው። ለልሳኑ ታስቦ የነበረው የውጭ ትምህርት ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ በዓመቱ ዕድገት አገኘሁ፤ «ንቁና ታማኝ» የሚል ደብዳቤ ተጻፈልኝ። እኅቶቼን አስተማርሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ። የተርጋል ጉርዷን ለእኅቴ ሰጠኋት። ልሳኑ ከተፈታ በኋላ ወደ ሥራው አልተመለሰም፤ ዘጌ ገባ ሲሉ ሰማሁ። በታንኳ የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም። አልሄድሁም። በየዓመቱ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ዘንድሮ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ደግሞ አንድ ሰበብ አገኛለሁ። ልጅ ታመመ፣ ጀልባ ተበላሸ፣ ውኃው ማዕበል አለው። ማዕበሉ እንኳ ያን ያህል አልነበረም።

መንግሥት ሲለወጥ ያ ካድሬ ይሠራበት የነበረው ጽሕፈት ቤት መጋዘን ተከፈተ። ከየቦታው የተወሰዱ መጻሕፍት በጆንያ ታጭቀው ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ ተባለና፣ የኛም ጆንያዎች በጋሪ መጡ። ያኔ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆኜ ነበር። አይጥ ከበላቸው ወረቀቶች ሥር ቡናማ ጥቅል አገኘሁ። አንድ ጎኑ ተቀዶ፣ በላዩ የልሳኑ ስም በውጭ አገር ሰው እጅ ተጽፎ። መጽሐፉ ሙሉ ነው፤ አንድ ገጽ አልጎደለም። በሬን ዘግቼ በአንድ ከሰዓት በኋላ አነበብሁት።

ጥሩ መጽሐፍ ነበር። ይህ ነው ያቃጠለኝ። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለከንቱ ነገር ነው ብዬ እገላገል ነበር። የጻፈው ሰው ዓሣውን የሚወድ ነው፤ ረጋ ብሎ፣ አንባቢውን ሳይንቅ ያስረዳል። ውኃው ሞቅ ይበል፣ በአንድ ጊዜ አይለወጥ፣ ምግቡ ሕያው ይሁን፣ የትንኝ እጭ ከሁሉ ይበልጣል። አረፋው ጎጆ ነው፤ ወንዱ ጤነኛ መሆኑን የሚያሳይ ነው፣ አይነካ። ልሳኑ አስቀድሞ ደብተሩ ላይ ያልጻፈው ነገር ቢኖር ይህ የአረፋው ትርጉም ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሳይጠርገው ትቶት ነበር።

መጽሐፉን ካገኘሁ በኋላ ሰበብ አለቀብኝ። ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ዘጌ ወረድሁ። ጠይቄ ቤቱን አሳዩኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ዛፍ የበዛበት ግቢ ነው። ልሳኑ አጥር ሲጠግን አገኘሁት። ጋቢ ለብሷል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ አንድ እግሩን ሲረግጥ ይጠነቀቃል። ገጀራውን አስቀምጦ ቀና ሲል አወቀኝ።

«እንደምን ነዎት ወይዘሮ ትርንጎ» አለኝ። «ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ያ ሁሉ ዘመን የፈራሁት ስድቡን ነበር፤ ይህን አልጠበቅሁም። ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀኝ፣ ሁሉንም በእርስዎ። መጽሐፉን አውጥቼ ሰጠሁት። እጁን በጋቢው ጠርጎ ተቀበለኝና ስሙ የተጻፈበትን ጥቅል ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሥዕሎቹን ገለጠ። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«‹ሁለት ዓመት፤ በደኅና ከተያዘ ሦስት› ይላል» አለ። «ዕድሜው።» ከዚያ፣ «እኔ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ነው የቆየሁ» አለ። እንደ መሳቅ ብሎት ነበር፤ ግን ተወው።

«ካባው በዘጠነኛው ቀን ሞተ» አልሁት። «እኔ ጋ ነበር።»

«በርዶት ይሆናል» አለ።

ያኔ ነገርሁት። ሻዩን፣ ሁለቱን ወረቀቶች፣ «ይሆናል ወይስ ገብቷል» የተባልሁትን፣ ምን እንደ መለስሁ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ቃልዎን አንብበውልኛል። ፊርማዎንም አሳይተውኛል።»

«መቼ?»

«በዚያው ሳምንት።»

«መሪጌታስ ያውቁ ነበር?»

«አባቴ እኔ ሳልፈታ አረፉ» አለ። «በየሳምንቱ ሲመጡ፣ ያቺ ስንቅ ያመጣች ልጅ ደኅና ናት ወይ ይሉኝ ነበር። ደኅና ናት እላቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው በጸሎታቸው ስምዎን ይጠሩ ነበር። እኔም አልነገርኋቸውም። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ለምን አሳዝናቸዋለሁ ብዬ።»

ማልቀስ አፈርሁ። ዕንባውም እንደ ልመና እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። «ልሳኑ፣ እባክህ አንቺ በለኝ» ብቻ አልሁት።

ወደ ሐይቁ ተመለከተ። ሊለኝ የሞከረ ይመስለኛል፤ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። «ይቅር ብያለሁ፤ በዚህ አይሥጉ» አለኝ። «ይህ ግን አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። አይዘኑብኝ።»

መጽሐፉን ዘግቶ መለሰልኝ። ለአንተ ነው የመጣው፣ ያንተ ነው ብዬ ብነግረውም አልተቀበለኝም። «እኔ አሁን ዓሣ የለኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ይግባ፤ የሚፈልገው ሰው ይኖራል» አለ። እስከ ጀልባው ድረስ ሸኘኝ፤ ስገባም እንዳልወድቅ ክንዴን ያዘኝ፣ ማንንም እንግዳ እንደሚይዝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ በሰው ሰላምታ ልኬለት በሰው ሰላምታ ልኮልኛል። ካረፈ አሁን አራት ዓመት ሆነው። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ያኔ ከዘጌ በተመለስሁ ሰኞ መጽሐፉን ለማስገባት የስጦታ መጻሕፍት መዝገብ ከፈትሁ። ቁጥር ሰጠሁት፣ ቋንቋውን ጻፍሁ፣ የገጹን ብዛት ጻፍሁ። «በማን ጥያቄ የመጣ» የሚል ዓምድ አለ። እዚያ ላይ የራሴን ስም ከነአባቴ ጻፍሁ፤ ቀጥሎም «ደብዳቤውን የመታሁት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምሁበት። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት ካርዱን ልታዘጋጅ መጥታ በትከሻዬ በኩል አነበበችው።

«ይህን ያስመጡት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት። «እኔ ነኝ።»

«ዓሣ ይወዱ ነበር ማለት ነው» አለችና መጽሐፉን ተቀብላኝ ማኅተም ልትመታበት ሄደች።